ሽርሽር የባለጠጋ ብቻ ነውን?

ባለፈው ጥቅምት፣ በአንድ ዐርብ ማታ፣ ዐሥራ አራት ዓመት የሞላው የበኵር ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ደብተሩን ሳይከፍት ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። እናቱ ምን እንደ ነካው ብትጠይቀው፣ የክፍል ጓደኞቹ ከወላጆቻቸው ጋር በሐይቅ ዳር መዝናኛ ሲዝናኑ የተነሡትን ፎቶግራፍ በየእጅ ስልካቸው ሲያሳዩ እንደ ዋሉ፣ እርሱንም «እናንተስ የት ሄዳችሁ?» ብለው እንደ ጠየቁት ነገራት። «ምን ብለህ መለስህላቸው?» አለችው። «እኛ ቤት ሥራ ይበዛል አልኋቸው» አለ። ይህን የተናገረው ለእናቱ ብቻ መስሎት ነበር፤ እኔ ግን በቀጣዩ ክፍል ሆኜ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምሁ እሰማ ነበር።

የመምህርን ደመወዝ የሚያውቅ አንባቢ በዚያ ሌሊት ምን እንዳደረግሁ ለመገመት አይቸገርም። ቍራጭ ወረቀት አንሥቼ የስድስት ሰው መጓጓዣ፣ የስድስት ሰው መግቢያ፣ የስድስት ሰው ምሳ እያልሁ መደመር ጀመርሁ። ድምሩ ከወር ደመወዜ እኩሌታ ሲያልፍ ወረቀቱን አጥፌ ከኪሴ ከተትሁት።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን የገንዘቡ ነገር አልነበረም። ልጄ ለጓደኞቹ የሰጠው መልስ ከእኔ የተማረው መሆኑ ነበር። ልጆቼ «አባዬ፣ ዛሬ የት እንሂድ?» ሲሉኝ ስንት ጊዜ «ሥራ ይበዛብኛል» ብያቸው ይሆን? ሥራው በእውነት የበዛበት ጊዜ አለ፤ አልክድም። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ያ ቃል የኪሴ ጕድለት መሸፈኛ ነበር። ልጁ መሸፈኛውን ወርሶ ለራሱ ኀፍረት ለበሰው።

ነገሩን እያገላበጥሁ ሳስበው፣ ሽርሽር በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ነው ብለን ያመንነው በቅርብ ጊዜ ነው። አያቶቻችን ቃሉን እንኳ አያውቁትም ነበር፤ ዳሩ ግን ከእኛ ይልቅ ከደጅ የዋሉት እነርሱ ናቸው። ለጥምቀት ታቦት አጅበው ወደ ወንዝ ሲወርዱ፣ ለደመራ ችቦ ይዘው ሲወጡ፣ ለንግሥ በዓል ስንቅ ቋጥረው ሁለትና ሦስት ቀን በእግር ሲጓዙ፣ ሽማግሌው ከሕፃኑ፣ እናት ከልጅዋ ሳይለዩ በአንድነት ነበር። ጨዋታው፣ እንቆቅልሹ፣ የዘመድ ታሪክና የዛፍ ስም ሁሉ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚተላለፈው በመንገድ ላይ ነው። እኛ የከተማ ሰዎች ከአጥር ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ክፍል እንዘዋወራለን፤ ማታ አንድ ጣሪያ ሥር ብንሰበሰብም አንዱ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ አንዱ ወደ ስልኩ ፊቱን ያዞራል።

በማግሥቱ ይህን ሁሉ ለእናቴ አጫወትኋት። እናቴ ወደ ሰባ ዓመት የተጠጋች ስትሆን ከእኛው ጋር ትኖራለች። ቡናዋን ፉት አለችና «እንጦጦ ከስፍራው ተነሥቶ ሄደ እንዴ?» አለችኝ። «እናንተ ከወጣችሁ እኔም እወጣለሁ።» «ጕልበትሽስ?» ብላት «ያንን መንገድ ጕልበቴ ያውቀዋል» አለች፤ ሌላም አልጨመረች።

እሑድ ቅዳሴ ካስቀደስን በኋላ ተነሣን። ጊዜው ወርኀ ጽጌ ነበር፤ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን ከልጅዋ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ የምታስብበት ወቅት ነው። ባለቤቴ የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው ከሚጾሙት ወገን ስለ ሆነች ስንቁ ሁሉ የጾም ሆነ፤ ድፎ ዳቦ፣ የሽንብራ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር፣ በፔርሙስ የተሞላ ሻይና ውሃ። ክረምቱ ከተሰናበተ በኋላ ሰማዩ የጠራበት፣ ጭቃው የደረቀበት፣ አደይ አበባም ገና ያልረገፈበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ለቤተ ሰብ ጕዞ ከዚህ የተሻለ ወራት አላውቅም። ገንዘብ ያወጣነው እስከ ሽሮ ሜዳ ለተሳፈርንበት ታክሲ ብቻ ነበር።

ከሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቆች በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። አዲስ አበባ እምብርቷ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ወደ ላይ በወጡ ቍጥር አየሩ ይሳሳል፤ ጤነኛ ሰውም ቢሆን ትንፋሹ ያጥራል፤ ብርዱም ይጨምራል። ይህን አስቀድሜ ለልጆቹ ነግሬአቸው ስለ ነበር ማንም አልደነገጠም። የስድስት ዓመቷ ትንሿ ልጄ በየመቶ እርምጃው «ደረስን?» ትላለች። የበኵር ልጄ ሃያ እርምጃ ያህል ቀድሞን፣ በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር እንደሚሄድ መንገደኛ ይራመዳል። የስድስት ዓመት ልጅና የሰባ ዓመት አሮጊት አካሄዳቸው አንድ መሆኑን ያየሁት በዚያ ዕለት ነው፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እኛን አስከተሉን።

የዐሥር ዓመቷ ልጄ ከመንገዱ ዳር ሁለት ዐይነት ቅጠል ለቅማ አመጣችልኝ። አንደኛው ክብ፣ አመድ የተነሰነሰበት ሰማያዊ የሚመስል፣ ያለ ዘንግ ከቅርንጫፉ ላይ የተጣበቀ ነበር፤ ሁለተኛው ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ማጭድ የጐበጠ። ረጅሙን «ባሕር ዛፍ ነው» አልኋት፤ ክቡን ግን «ይህ ሌላ ዛፍ መሆን አለበት» ብዬ መለስሁላት። እናቴ ሳቀች። «ሁለቱም ያው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ለጋ ሳለ ቅጠሉ ክብ ነው፤ ሲያድግ ይረዝማል። ለምጣድ የሚሆነው ደርቆ የወደቀው ረጅሙ ነው።» እኔ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ፤ ልጄ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የዛፍ ስም የምትጠይቀው አያቷን ብቻ ሆነ።

ጥቂት እንደ ሄድን ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ እስከ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ አገኘን። እናቴ «እዚህ ላይ እንረፍ» አለችና ጀርባዋን ሰጥታ ተደገፈችው፤ አልተቀመጠችም። ትንሿ «እማማ፣ ለምን አይቀመጡም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሸክም ያለበት ሰው አይቀመጥም፣ ልጄ። ከተቀመጠ ማን ያነሣዋል? ሸክሙን እንዲህ ድንጋዩ ላይ አሳርፎ፣ ቆሞ ነው የሚያርፈው። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

የበኵር ልጄ ወደ ኋላ ተመለሰ። ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣና «ምን ሸክም ነው የሚሉት፣ እማማ?» አላት።

እናቴም ወሬ እንደምታወራ ያህል ነገረችው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጅብ ይፈሩ ስለ ነበር ሰባትና ስምንት ሴቶች ተጠራርተው ይወጣሉ። ቅጠሉን በቅርንጫፍ ይጠርጋሉ፤ ጭራሮውን ይለቅማሉ፤ ከራሳቸው ቁመት የሚበልጠውን እስር በገመድ ጠፍረው በጀርባቸው ያዝላሉ። ሲወርዱ እግር እንዳይንሸራተት ጐንበስ ብሎ በጣት መቆንጠጥ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ የደን ጠባቂዎች ሸክሟን ነጥቀዋታል፤ ገመዷን ግን በልመና አስመልሳለች፤ ምክንያቱም ገመድ ከሌለ ነገ የለም። ከዚያም ወደ እኔ ጠቆመችና «የዚህን የአባትህን ደብተርና ጫማ የገዛሁት በዚህ ነው» አለችው።

እናቴ እንጨት ትሸከም እንደ ነበር አውቅ ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን መሆኑን ግን አላውቅም ነበር፤ ስለ ገመዱም አልሰማሁም ነበር። በልጅነቴ ጠዋት ስነሣ ከቤት አጥቻት፣ ስትመለስ የት እንደ ነበረች ብጠይቃት «ሥራ ነበረብኝ» ትለኝ ነበር። ልጄ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ድንጋዩን አየና ከእጅዋ ዘንቢሏን ወሰደ። እስከ ላይ ድረስም እርሱ ያዘው።

እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን፣ በአቅራቢያው ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ከደጅ ሆነን አየን። በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በነጭ የተቀባ፣ ያልተኳኳለ ቤት ነው። የዐሥር ዓመቷ «ንጉሡ የሚኖረው እዚህ ውስጥ ነበር?» ብላ ተገረመች። አዎን፤ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። እቴጌ ጣይቱ ግን ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ1879 ዓ.ም. ገደማ፣ ከተራራው ብርድ ወደ ፍል ውሃው መስክ ወርደው ለአዲሲቱ ከተማ ስም አውጥተውላት ነበር። ብርዱ ብቻ ሳይሆን ማገዶውም አስቸግሮ ነበር፤ የተራራው ጥድ ተቈርጦ አልቆ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። ከተማዪቱን በስፍራዋ ያቆማት በዚያው ዘመን የአውስትራልያ ተወላጅ የሆነው ባሕር ዛፍ መጥቶ መተከሉ ነው። ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! በዚያ ዕለት ግን ስናገር ልጆቼ የሚያዩት እኔን ሳይሆን አያታቸውን ነበር።

ምሳ የበላነው ከዛፍ ጥላ ሥር ሣር ላይ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቍሩ እንደ መዶሻ የወፈረ ትልቅ ቁራ ከፊታችን አርፎ ድርሻውን ጠበቀ። ይህ ቁራ ከእኛና ከኤርትራ ደጋ ውጭ እምብዛም የማይገኝ ወፍ ነው ብዬ ማስረዳት ስጀምር፣ የዳቦ ቍራሽ ከትንሿ እጅ ነጥቆ በረረ። ንግግሬም በዚሁ ተፈጸመ።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ጥሩ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ እንደዚሁም በክፍያ የሚገኙ ልዩ ልዩ ጨዋታዎች አሉ። የዐሥር ዓመቷ ልጄ ፈረስ የሚጋልቡ ልጆች ስታይ ዐይኗ ከእነርሱ አልነሣ አለ። «አባዬ፣ እኔስ?» አለችኝ። ያ የለመድሁት ቃል እስከ ከንፈሬ መጥቶ ነበር፤ ጊዜ የለንም፣ መሽቷል፣ ፈረሱ ይጥላል ለማለት። የበኵር ልጄ ይመለከተኝ ነበርና ተውሁት። «ልጄ፣ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ዛሬ የለንም» አልኋት። ጥቂት አኰረፈች። ከዚያ ወንድሟ ከመሬቱ ላይ በጭረት ሰኞ ማክሰኞ ሠራላትና ድንጋይ ወርውራ መዝለል ጀመረች። ባለቤቴ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ ከልጅነቷ ወዲህ ዘላ የማታውቀው፣ ነጠላዋን አደግድጋ ሦስቴ አሸነፈቻቸው።

ከመመለሳችን በፊት እጅግ የወደድሁትን ነገር ልናገር። ወደ ተራራው ጫፍ ወጥተን ፊታችንን ወደ ደቡብ ስናዞር ከተማው በሙሉ ከሥራችን ተዘረጋ፤ በስተ ምዕራብ ወጨጫ፣ በስተ ምሥራቅ ደቡብ የረር፣ በሩቁም እንደ ጥላ የደበዘዘው ዝቋላ ታየ። በስተ ሰሜን ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ አለ። የውሃውን ጠርሙስ ለትንሿ ሰጠሁና በሁለቱም ወገን ጠብ ጠብ እንድታደርግ ነገርኋት። ይህ የእንጦጦ ጀርባ ውሃ የሚከፈልበት ድንበር ነውና። በሰሜን በኩል የሚወርደው ዝናብ በሙገር ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። በደቡብ በኩል የሚወርደው ግን በከተማችን ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ሄዶ፣ ባሕር ሳያይ በአፋር በረሓ ከአቤ ሐይቅ ይቀራል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ሁለት ሰዓት የሚፈጅብኝን ነገር አንዲት ሕፃን በጠርሙስ ውሃ ፈጸመችው። ቀጥላም «እመቤታችን ግብፅ ስትደርስ የጠጣችው ይህን ውሃ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ለመስጠት ጥቂት ዘገየሁ፤ የዓባይን ውሃ ጠጥታ ከሆነ ግን ምናልባት ጠብታው ከዚህ ሄዶ ሊሆን ይችላል አልኋት። እርሷም ጠርሙሱን በሰሜን በኩል እስከ ጫፉ አራገፈችው። ስንመለስ ሁላችንም ተጠማን።

መምህር ነኝና ስለ ጤና አንድ ነገር ሳልል ብቀር ሥራዬን ያጐደልሁ ይመስለኛል። ደብተራቸውን ከአፍንጫቸው አጠገብ አድርገው የሚያነቡ ተማሪዎች በየክፍሉ አሉ። በቻይና አገር በጓንግጆ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች የአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ የተደረገና በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. የታተመ ምርምር ነበር። እኩሌቶቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ከደጅ አዋሏቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እንደ ወትሮው ከቈዩት ልጆች መካከል ከመቶ 39.5 የሚሆኑት ሩቅ የማየት ችግር ሲይዛቸው፣ ከደጅ የዋሉት ግን ከመቶ 30.4 ብቻ ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ሰውነታቸውን ጠንከር አድርገው እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ይህን ለማድረግ ሐይቅ ዳር መሄድ አያስፈልግም፤ በእግር የሚደረስ ማንኛውም ስፍራ ይበቃል።

የእኛን መንገድ መከተል ለሚፈልግ ቤተ ሰብ ከስሕተታችን የተማርነውን ልንገር። ውሃ እኛ ከያዝነው እጥፍ ያዙ። ጠዋት ሙቀት ቢሰማም ከላይ ብርድ ስለሚሆን ለሕፃናት ሹራብ፣ ለአረጋዊ ጋቢ አይቅር። ለበዓል የተገዛ አዲስ ጫማ ለተራራ አይሆንም፤ የባለቤቴ ተረከዝ ምስክር ነው። የልብ ወይም የትንፋሽ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ። ከተሠራው መንገድና ሰው ከሚበዛበት ስፍራ አትራቁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውረዱ። ሽቅቡ የሚከብደው ሰው በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ገር የሆነ መንገድ ያገኛል፤ ለመግቢያው ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። የበላችሁበትን ላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ። ከሁሉም ይልቅ አረጋውያንን ቤት ጠባቂ አድርጋችሁ አትተዉአቸው፤ እኔ ያን ዕለት እናቴን «አንቺ ቤት ዕረፊ» ብያት ቢሆን ኖሮ ድንጋዩን አይቼ አላልፈውም ነበር።

ሲመሽ በታክሲ ተመለስን። ትንሿ ከአያቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰኞ ዕለት ጓደኞቹ ልጄን ጠይቀውት እንደ ሆነና ምን ብሎ እንደ መለሰላቸው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ማታ ላይ ግን ከእናቴ አጠገብ ተቀምጦ ያ ገመድ ከምን የተሠራ እንደ ነበር፣ እስሩም እንዴት እንደሚጠፈር ሲጠይቃት ሰማሁ። እርሷም የመጋረጃውን ገመድ ፈትታ ታሳየው ጀመር።

ለጥር ወር ወደ መናገሻ ሱባ ደን ለመሄድ አስበናል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ተተከለ ተብሎ በትውፊት የሚነገርለትን ጥድ፣ ዝግባና ኮሶውን፣ ጉሬዛውንም ልጆቹ በዐይናቸው እንዲያዩ እፈልጋለሁ። ስፍራው ከእንጦጦ ይርቃልና መጓጓዣው ቀላል አይሆንም። ያን ቍራጭ ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ለልጄ ሰጠሁት፤ ደመወዜንም በግልጽ ነገርሁት። የስድስታችንን ሒሳብ እርሱ ራሱ ጠይቆ እንዲመጣና በጀርባው ላይ እንዲጽፍልኝ እየጠበቅሁ ነው።